የሰኞው ዝናብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አንድ ጋቢ፣ አንድ የምስጋና ወረቀትና ብዙ ጭብጨባ ተሰጠኝ። ጋቢው ጥሩ ነው፤ የደብረ ታቦርን ብርድ ይችላል። ጭብጨባውም አልከፋኝም። ወረቀቱ ላይ ግን «ታማኝና ታዛዥ ሠራተኛ» ተብሎ ስለተጻፈ ደሜ ፈላ። ታማኝ የሚለውን እቀበላለሁ። ታዛዥ የሚለውን ግን የጻፈው ማንም ይሁን ማን አልቀበልም። በዚያ መሥሪያ ቤት በኖርኩበት ዘመን የረባ ነገር ሠርቼ እንደሆነ የሠራሁት እንቢ ባልኩባቸው ቀናት ነው። ይህንንም የምጽፈው የልጅ ልጆቼ አያታችን ታዛዥ ነበረች ብለው እንዳይሳሳቱ ነው።

ስሜ ትርንጎ ነው። ጎረቤቶቼ ሥራዬን ሲጠየቁ «ዝናብ ትቆጥራለች» ይላሉ፤ ከእውነቱ ብዙ አልራቁም። በደቡብ ጎንደር ደጋ በየአካባቢው ዝናብና ሙቀት የሚለኩ ሰዎች አሉን፤ ታዛቢ እንላቸዋለን። ታዛቢው በየማለዳው ሦስት ሰዓት ላይ ከዝናብ መለኪያው ጣሳውን ያወጣል፣ የተጠራቀመውን ውሃ በብርጭቆ ይለካል፣ ጽፎ ይልክልናል። እኛ ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ እንከትበዋለን። አንድ ቀን አንድ መስመር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ፣ ዝናቡ፣ የቀኑ ሙቀት፣ የሌሊቱ ብርድ። ይህ ረጅም ፋይል አንድ ፕሮግራም ላይ ይጫንና የአየር ንብረት ጽንፍ ጠቋሚ የሚባሉት ይሰላሉ። በአንድ ቀን ከወረደው ዝናብ ከባዱ የቱ ነው? ሳይዘንብ የቆየው ረጅሙ ጊዜስ? ሌሊቱ ከድሮው ሞቋል ወይስ በርዷል? ድልድይ የሚሠራውም፣ ዘር የሚያከፋፍለውም መጥቶ የሚጠይቀው ይህንን ነው። አማካዩን ማንም አይፈራውም፤ ሰው የሚሞተው በጽንፉ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ባሕር ዳር ነው። ጥቂት ዓመት እዚያ ቁጥር ስከትብ ቆይቼ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርኩ። ጓደኞቼ ዝውውሩን እንደ ቅጣት አይተው አዘኑልኝ። ደመወዙን አላነሳም፤ ያኔም የሚነሳ አልነበረም። ኃላፊዎች መጡ፣ ኃላፊዎች ሄዱ፤ የአንዳንዶቹ ስም እንኳ ጠፍቶኛል። የማይጠፉኝ ጋሽ ሙላት ናቸው።

ጋሽ ሙላት የቢሯችን አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ። የይፋግ ሰው ስለሆኑ የደጋውን ብርድ እስከ መጨረሻው አልለመዱትም፤ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ነበር ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጡት። ፋይል ሲመጣላቸው ቶሎ አይጭኑም። ፕሮግራም ማለት ወፍጮ ነው፣ ድንጋይ ብትሰጪውም ይፈጭልሻል ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ያለ ሥዕል፣ ያለ ቀለም፣ ቁጥሩን ብቻ ከፍተው እንደ ዳዊት ደጋሚ እያነበነቡ በጣታቸው መስመር በመስመር ይወርዳሉ። የሚጀምሩት ከወሩ መጨረሻ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሰው የሚሰለቸው ወሩ ሲያልቅ ነው፣ የሰለቸው ደግሞ ይዋሻል አሉኝ። የሌሊቱ ብርድ ከቀኑ ሙቀት በልጦ የተጻፈበትን፣ ነጥብ የተዘለለበትን፣ ቀኑ ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲዞር ጳጉሜ የተዋጠችበትን ሁሉ በዓይናቸው ይለቅሙታል። ከዚያ ስለ ታዛቢው ይጠይቃሉ። ማነው? ቤቱ ከመለኪያው ይርቃል? ገበያ የሚወጣው መቼ ነው? ጸሐፊውን ካላወቅሽ ቁጥሩን አታውቂውም የሚል እምነት ነበራቸው።

ከሁሉ የሚያስቆጣቸው ባዶንና ዜሮን ማምታታት ነው። ዜሮ ማለት ታዛቢው ሄዶ አየ፣ ዝናብ አልነበረም ማለት ነው። ባዶ ማለት ደግሞ አላየሁም ማለት ነው። ለባዶው ፕሮግራሙ የሚያውቀው ምልክት አለ፤ ከዜሮ በታች ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ተብሎ ይከተባል፣ እንዲህ ያለ ብርድ እኛ አገር ስለሌለ። አንድ ጊዜ አንዱ ባልደረባችን ነጥብ ዘጠኙን ዘንግቶ ከተበውና ፕሮግራሙ እውነተኛ ብርድ መስሎት ተቀበለው። ደብረ ታቦር በአንድ ሌሊት በረዶ ሆና አደረች። ጋሽ ሙላት ሥዕሉን ሲያዩ ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርገው፣ እኔ ድሮም ብያለሁ አሉ። የዚያን ቀን እሳቸው ብቻ ናቸው ያልሳቁት።

ከጣቢያዎቻችን ሁሉ የምታስቸግረው ከጉና እግር ሥር ያለችው ነበረች። መኪና አይደርስባትም፤ ከዋናው መንገድ ተወርዶ በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ታዛቢዋ የአጥቢያው ካህን ቄስ አድማሱ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ጠቋሚዎች ስናሰላ የእሳቸው ጣቢያ ጉድ አወጣች። የአንድ ቀን ከባድ ዝናቧ የጎረቤቶቿን እጥፍ ሆነ፤ ያም ሆኖ በክረምቱ መሃል ደረቅ ቀን አይጠፋባትም። ኃላፊያችን ጣቢያዋ ትሰረዝ አሉ። ጋሽ ሙላት ግን ቀኖቹን ከፈረንጅ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው ሲያዩዋቸው ዜሮዎቹ ተሰልፈው ቆሙ። አሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሰባት፤ ደግሞም እሑድ እሑድ። ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ነገሩ ይኸው ነው። ቄስ አድማሱ በበዓል ቀን መለኪያውን አይነኩም። የበዓሉ ዝናብ ጣሳው ውስጥ ያድርና በማግስቱ ከማግስቱ ዝናብ ጋር አንድ ላይ ይለካል። የሁለት ቀኑ ውሃ የአንድ ቀን ሆኖ ይጻፋል። እሳቸው በዓሉን ባዶ ነበር የሚተዉት፤ ባዶውን ዜሮ እያደረገ የከተበው ከእኔ በፊት የነበረ የቢሯችን ሰው ነው።

ኃላፊያችን ወይ ይለካሉ ወይ ይለቃሉ ብለው እኔንና ጋሽ ሙላትን ላኩን። ቄስ አድማሱ ገብስ ሲያበራዩ ነበር ያገኘናቸው። ከአውድማው ወጥተው፣ እጃቸውን አራግፈው፣ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አልተቆጡም።

«በሰንበት የሚያዘንበው እሱ ነው፤ እሱን ማን ይጠይቀዋል?» አሉ። «እኔ ግን ስድስት ቀን ሥራ፣ በሰባተኛው ዕረፍ ተብያለሁ። ከበዓል በቀር ከስድስቱ አንዱን አጉድዬ እንደሆን ጠይቁኝ።»

አንዱንም አላጎደሉም ነበር። ስንመለስ ጋሽ ሙላት በቅሏቸው ላይ ሆነው፣ ከዚህ የተሻለ ታዛቢ የለንም አሉኝ፤ ያላየውን አላየሁም የሚል ሰው ከየት ይገኛል? ለኃላፊያችን የበዓሉ ቀን ባዶ ይሁን፣ የማግስቱም ቁጥር የሁለት ቀን እንደሆነ ምልክት ይደረግበት ብለን ለመንናቸው። በጉድለት የተሞላ ፋይል ወደ ላይ አልልክም አሉ። ቄስ አድማሱ ከሥራ ተሰናበቱ። ባለአገሩ ግን ስለ ሰንበት ብሎ የመንግሥት ሥራ የተወ ካህን ብሎ አከበራቸው፤ ከሌላ አጥቢያ ሳይቀር መስቀላቸውን ሊሳለም የሚመጣ ነበር።

በምትካቸው አንድ ወጣት ተቀጠረ። ፋይሉ በየወሩ ሞልቶ ይመጣ ጀመር። እሑድ አለ፣ ሚካኤል አለ፣ አንድ ቀን አይጎድልም። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ዋጠው። ኃላፊያችን በየስብሰባው ያሞግሱት ነበር። ጋሽ ሙላት ግን ከወሩ መጨረሻ እየጀመሩ አንብበው አንብበው ፊታቸው ጠቆረ። የጉናው ዝናብ ደብረ ታቦር ከተማ ላይ የወረደውን ዝናብ ይመስላል አሉኝ። ዝናቡ ከተማ ሲወርድ እዚያም ይወርዳል፤ ከተማ ሲያባራ እዚያም ያባራል። በደጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ በእኛ አገር እኮ የአንዱ ማሳ ሲዘንብበት የጎረቤቱ ደርቆ ይቀራል።

ሄድን። መለኪያው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ጥላለች። አጥሩ ወድቆ ሣሩ ወገብ ደርሷል። ወጣቱ ለካ ቤቱ ከተማ ነበር፤ የሚጽፈው የራሱን ጣራ ዝናብ ነው። ጋሽ ሙላት እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የዘነበ ዝናብ ተመልሶ አይለካም፣ ትርንጎ» አሉኝ።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ዘር ቢበላሽ ሌላ ዘር ይገዛል፣ ቤት ቢቃጠል ይሠራል። እነዚያ ክረምቶች ግን ከእንግዲህ ማንም አያገኛቸውም። ጉና ላይ ምን ያህል እንደዘነበ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ታማኝ ሰው አሰናብተን፣ ባዶ ቦታ አንፈልግም ብለን፣ በባዶው ፈንታ ውሸት አስገባን። ጋሽ ሙላትም እኔም ልናስቆመው አልቻልንም፤ አልሰሙንም።

ስንመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና የወጣቱን ቁጥር በሙሉ እያጠፋሁ የባዶውን ምልክት ከተብኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ኃላፊያችን ሲያውቁ ሙሉ ፋይል ሰጥቼሽ ባዶ ታመጪልኛለሽ ብለው ጮኹ። ባዶው እውነት ነው አልኳቸው። መልሺው አሉኝ፤ እንቢ አልኩ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ከደመወዜም ተቆረጠ። ቁጥሩ ግን አልተመለሰም። ወጣቱም ብዙ ሳይቆይ ሥራውን ለቆ ሄደ፣ ኃላፊያችንም ተዛወሩ። ይህንን እንግዲህ ታዛዥነት የሚል ካለ ይበል።

ቄስ አድማሱ ተመልሰው ተቀጠሩ። ደንቡንም ጋሽ ሙላት አጠገቤ ቆመው እኔ ጻፍኩት። የበዓል ቀን ባዶ ይሆናል። የማግስቱ ቁጥር የሁለት ቀን ነውና ምልክት ይደረግበታል፤ በዓመቱ ድምር ውስጥ ይገባል፣ የአንድ ቀን ከባድ ዝናብ ሲሰላ ግን ይወጣል። ቀላል ደንብ ነው፤ ለብዙ ዓመት ያለ ጠብ ሠርቷል። ጋሽ ሙላት ጡረታ ወጥተው ይፋግ ገቡ፤ እዚያው ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ቀብራቸው ላይ ልጃቸው አባቴ በመጨረሻው ሰሞን የምግብ ቤት ሒሳብ እንኳ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚያነበው ብሎ አጫወተኝ።

ከዚያ ያ ነሐሴ መጣ። እሑድ ለሰኞ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ከጉና የሚወርደውን ጥቁር ውሃ የሚባለውን ወንዝ ሞላውና የእንጨት መሸጋገሪያውን ጠርጎ ወሰደው። ሰኞ ጠዋት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ ወንዙ ዳር ደረሰች። ጤና ጣቢያው ማዶ ነው። ውሃው እስኪጎድል እስከ ከሰዓት ድረስ ዝናብ እየመታት ጠበቀች። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም።

የዚያ ሰኞ የቄስ አድማሱ ቁጥር በሚሊ ሜትር ከመቶ ያለፈ፣ ባለ ሦስት አሃዝ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ከእሳቸው ጣቢያ ደርሶን አያውቅም። እሑዱ እንደ ወትሮው ባዶ ስለነበር የሁለት ቀን ነው ብዬ ምልክት አደረግኩበት። በመኸር ጣቢያዋን ልጎበኝ ስሄድ ቄስ አድማሱ ከሰው ነጠል አድርገው ወደ መለኪያው ወሰዱኝ። ያን ሰኞ የጻፍሁት የአንድ ቀን ብቻ ነው አሉኝ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ጣሳው ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሰማዩ ደግሞ እንደገና ጠቁሯል። ሞልቶ ከፈሰሰ ሁሉም ይጠፋል ብለው አሰቡ። ማንም ሳያያቸው ደፉት። የደፉትን አልለኩትም፣ አልጻፉትምም። ለሰው እንዳትነግሪ ብለው ለመኑኝ፤ እኔም ቃል ሰጠሁ። ስመለስ ምልክቱን አነሳሁት።

ለዓመታት ማንም አልጠየቀም። ጡረታዬ በተቃረበበት ዓመት ጥቁር ውሃ ላይ ድልድይ ሊሠራ ሆነ። መሐንዲሱ የአካባቢው የአንድ ቀን ከባድ ዝናብ ስንት ነው ብሎ ጠየቀን። ጠቋሚውን እንዲያሰላ የተሰጠው እኔን ሊተካ የመጣው ዮናስ ነው። ዮናስ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ሳይጭን በፊት ፋይሉን በዓይኑ አየው፤ ያን ሰኞም አገኘው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ከፊቱ ያለው እሑድ ባዶ ነው፤ ሰኞው ግን ምልክት የለውም» አለኝ። ረስተውት ይሆን ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። አልረሳሁም አልኩት። «እንግዲያው በደንቡ መውጣት አለበት» አለ።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አወጣው ነበር። ያ ቁጥር ለሙከራ ወጥቶ ሲሰላ ግን ከባዱ ዝናብ በአንዴ ወደ ግማሽ ወረደ። መሐንዲሱም ይህ ከሆነ ድልድይ አያስፈልግም፣ ሁለት ቱቦ ቀብረን አፈር እናለብሰዋለን አለ። እኔ ያን ቱቦ አየሁት። ገና ሳይቀበር፣ ውሃው አፈሩን ጠርጎት፣ ሌላ ቃሬዛ ዳር ላይ ቆሞ አየሁት።

አዲሱ ኃላፊ ቱቦው ርካሽ ስለሆነ ደስ አለው። አንዲት ቁጥር ናት፣ አውጪያትና እንገላገል አለኝ። አላወጣም አልኩ። ምክንያትሽን ተናገሪ አለኝ፤ ምክንያትስ አለኝ፣ ግን አልናገርም አልኩት። ሲነገር እንዴት የሞኝ ነገር እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ። እሱም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ ሳቀብኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ካላስረዳሽ ዮናስ ራሱ ያወጣዋል ብሎ ዘጋው።

ያን ጊዜ ወደ ጉና ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። እኒህ ሰው ሰንበትን አልሽርም ብለው ሥራቸውን ያጡ ናቸው። በአጥቢያቸው የተከበሩትም በዚሁ ነው። አሁን ሄጄ፣ አንድ ቀን ሽሬያለሁ ብለው በሰው ፊት ይናገሩ ልላቸው ነው። አፈርኩ። ግን አልተመለስኩም።

ቄስ አድማሱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ስለ ቱቦው ነገርኳቸው። እርስዎ ካልፈቀዱልኝ አልናገርም፣ ቃሌ ቃል ነው፣ ቁጥሩ ግን ይወጣል አልኳቸው። ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ። የተቆጡኝ መሰለኝ።

«ያ የወንዝ ዳሩ ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ነው የሞተው» አሉኝ። «ፍትሐት አልደረሰውም። የሚቀበርበትን ቦታ እኔ ነኝ ያሳየሁ። አንቺ ምን ትናገሪያለሽ፣ ልጄ? የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ ነኝ።»

የስብሰባው ዕለት ማልደው በበቅሎ ወርደው፣ ከመንገድ መኪና ይዘው ደብረ ታቦር ገቡ። ክፍሉ ውስጥ ኃላፊው፣ ዮናስ፣ መሐንዲሱና ከጥቁር ውሃ አካባቢ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ቄሱ ሲገቡ ሁሉም ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። ቄስ አድማሱ ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም።

«እንደምታውቁኝ ሰንበትን አልሽርም ብዬ ከሥራ የተባረርሁ ነኝ» አሉ። «ያን እሑድ ግን ሽሬያለሁ። መለኪያው ሊሞላ ነበር፤ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ደፋሁት። ሰኞ የለካሁት ከዚያ ወዲያ የወረደውን ነው። የአንድ ቀን ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አሉ ብሎ ጠየቀ። ስላፈርሁ ነዋ አሉት። ኃላፊው የደፉትንስ ለምን አልጻፉትም አላቸው። መድፋቴ አንሶ ልጻፈውም ኖሯል አሉ፤ አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ።

ዮናስ ግን ፈገግ አላለም። ብዕሩን ይዞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው፤ ሲደፉ ስንት ሰዓት ይሆናል? ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሁልጊዜ የምለካበት ሰዓት ነው አሉት። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ከሁሉም መሃል እሱ ነው የጠየቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ለአንድ ቀን ካፈረስነው ነገ ለስንት ቀን እናፈርሰዋለን?»

«ደንቡን የጻፍኩት ለማናውቀው ቀን ነው» አልኩት። «ይህን ቀን እናውቀዋለን።»

ኃላፊው የአንድ ሰው ቃል ማስረጃ ይሆናል እንዴ አለ። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። በዚህ ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ የአንድ ሰው ቃል ነው አልኩት። ማን ቆሞ ሲለኩ አያቸው? በዝናብ፣ በብርድ፣ ብቻቸውን ሄደው ይህን ያህል ነው ይሉናል፤ እኛም አምነን እንጭናለን። ስንጽፍላቸው እያመንን ሲናገሩ የማናምናቸው ለምንድን ነው? ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ይሁን። ዮናስ ኃላፊውን አላየም። ፋይሉን ከፍቶ ሰኞውን እንዳለ በቦታው ተወው፤ እሑድ ጣሳው መደፋቱንም በማስታወሻ አስገባ። መሐንዲሱ ቱቦውን ትቶ ድልድይ ነደፈ።

ለቄስ አድማሱ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ለንስሐ አባታቸው ከድሮ ነግረው ቀኖናቸውን ጨርሰዋል፤ ሰው ግን እንደ እግዚአብሔር ቶሎ አይምርም። መስቀላቸውን ለመሳለም የሚያመነታ ነበር። ከሌላ አጥቢያ የሚመጣውም ቀረ። በዚህ እስከ ዛሬ አዝናለሁ። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ አሁንም በስድስቱ ቀን ይለካሉ፣ በሰባተኛው ያርፋሉ።

ድልድዩ ተሠርቶ አለቀ። ባለፈው ግንቦት ሄጄ አየሁት። ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ በሥሩ ቤት ይሠራበታል። ወንዙ ደርቆ ከድንጋዮቹ መሃል አንዲት ቀጭን ውሃ ትንጠባጠባለች። ከተሠራ ወዲህ የዚያን ሰኞ የሚያህል ዝናብ አልወረደም። ቢሮ አካባቢ፣ አንዲት ግትር ሴት መንግሥትን በከንቱ ገንዘብ አስወጣችው ይላሉ አሉ። የሚወዱኝ ደግሞ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ቆይ ጎርፉ ይምጣና ያፍራሉ እያሉ ያጽናኑኛል። ማጽናናታቸው ከሐሜቱ ይብስብኛል።

ድልድዩ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ የማውቀው የበግ ነጋዴ በጎቹን እየነዳ መጣ። ሰላምታ ከሰጠኝ በኋላ ወደ ታች አየና መሳቅ ጀመረ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ለዚች ውሃ ይህን ያህል ድልድይ? በጎቼ እኮ ይዘሏታል። ያ የሚሉት ጎርፍ መቼ ነው የሚመጣ?»

«አይምጣ» አልኩት። «እኔ ልክ ነበረች እንድባል ማንም ሴት ማዶ አትቅር። ያ ሰኞ ዘንቧል። ዳግመኛ ባይዘንብም ዘንቧል።»